ከጩኸቱ በኋላ የሚከፈለው ካሳ፦ የአንዲት የዛለች እናት የጉዳይ ጥናት

የ38 ዓመት ሴት ናት። ሙያዋ ሂሳብ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ትልቋ ልጅ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 5። ወደ ምክር የመጣችው ማንም ሳይገፋፋት ነው። ለምን እንደመጣች ስትጠየቅ ነገር አላንዛዛችም። «ልጄን ክንዷን ጨምድጄ ያዝኳት። የጣቶቼ ምልክት በማግስቱም አልጠፋም ነበር» አለች።

ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች። የምትጠብቀው ፍርድ ነበር።

ማንነቷን ሊጠቁም የሚችል ነገር ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ወጥቷል። የቀረው የችግሩ አካሄድና የተሠራው ሥራ ነው። ጉዳዩን የመረጥኩት ልዩ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ተራ ነው። ግን አንድ ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የዛለን ወላጅ ከዝለቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ልፋቱ ብቻ አይደለም። ከጥፋት በኋላ ለልጅ የሚከፈለው ካሳም ነው።

የቤቱ ሁኔታ

ትንሹ ልጅ አስም አለበት። ሕፃን ሳለ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ድንገተኛ ክፍል አድሯል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ እናትየዋ በቅጡ ተኝታ አታውቅም። ልጁ አሁን መድኃኒቱን በሥርዓት ይወስዳል፣ ሕመሙም ረግቷል። እሷ ግን አሁንም ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ጆሮዋን ደረቱ ላይ ትለጥፋለች።

ቀን ሥራ አለ። ከሥራ ስትመለስ ሌላው ፈረቃ ይጀምራል፦ እራት፣ የቤት ሥራ፣ ገላ ማጠብ፣ የነገ ልብስ፣ የነገ ቦርሳ። ባሏ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም፤ ይህን እሷም ትመሰክርለታለች። ችግሩ እሱ የሠራውን እሷ መድገሟ ነው። የልጆቹን ቦርሳ እሱ ካሰናዳ፣ ልጆቹ ሲተኙ ትዘረግፈውና እንደገና ታስተካክለዋለች። እሱም ውሎ አድሮ ተወው። ኋላ ላይ አብሯት ሲመጣ «ምን አለፋኝ፣ መልሳ ልታፈርሰው» አለ። ቅሬታም ነበረበት፣ እፎይታም።

ከመምጣቷ በፊት ዕረፍት ሞክራ ነበር። ልጆቹን ለአባታቸው ትታ እህቷ ዘንድ አንድ ሳምንት ከረመች። እንቅልፏን ጠገበች፣ ፊቷም መለስ አለ። ቤቷ በገባች በሁለተኛው ቀን ማታ ግን ጮኸች። «ያ ሁሉ ዕረፍት ውኃ በላው» ብላ ነው የነገረችኝ። እንደውም ባሰባት። ምክንያቱም አሁን «አርፌም ካልተሻለኝ ችግሩ እኔው ራሴ ነኝ» ብላ ደምድማለች። ለዛለ ወላጅ «ትንሽ ዕረፊ» ብሎ መምከር የሚከፋ ነገር የለውም። ተመልሳ የምትገባበት ቤት ያው ሆኖ ሲጠብቃት ግን ምክሩ ራሱ አንድ ተጨማሪ የሽንፈት ማስረጃ ይሆንባታል።

ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ ይህን ለባሏም ተናግራ አታውቅም። ማታ ማታ ደጃፏ ላይ ስትደርስ የመኪናዋን ሞተር አጥፍታ እዚያው ትቀመጣለች። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ። ስልኳን አትነካም፣ ሙዚቃ አትከፍትም። የሳሎኑን መብራት ታያለች። «ልጆቼን ላለማየት ሰበብ የምፈልግ እናት ነበርኩ እንዴ እኔ?» አለችኝ።

ድብርት ነው ወይስ ዝለት?

መጀመሪያ መለየት የነበረበት ይህ ነው። ምልክቶቹ ይቀላቀላሉ። ድካም፣ ንጭንጭ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የጥፋተኝነት ስሜት ሁለቱም ጋ አሉ። ልዩነቱ ስፋቱ ላይ ነው። ድብርት ሰውን የትም ይከተለዋል፤ ሥራውም፣ ጓደኛውም፣ ድሮ ይወደው የነበረውም ነገር ጣዕም ያጣበታል። የወላጅነት ዝለት ግን ቢያንስ ሲጀምር ከወላጅነቱ ጋር የተጣበቀ ነው። እሷ ቢሮ ስትገባ ትነቃለች። ከባልደረቦቿ ጋር ትስቃለች። የወር መዝጊያ ሂሳብ እንኳ አያስጨንቃትም። ጉልበቷ የሚከዳት የቤቷን በር ስታስብ ነው።

ያም ሆኖ ድብርትን በመጠይቅ አጣርተናል። ሐኪም ዘንድ ሄዳም የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አድርጋለች፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ይህ የሚዘለል እርምጃ አይደለም። በብረት እጥረት የደከመን ሰው ስለ ሐሳቡ ሲያስወሩት መዋል ለማንም አይጠቅምም።

ዝለት፣ በእንግሊዝኛው በርንአውት የሚባለው ሐሳብ፣ ወደ ሳይኮሎጂ የገባው በሥራ በኩል ነው። ሳይኮሎጂስቱ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 በነፃ ክሊኒክ የሚያገለግሉ ሰዎች እንዴት እየዛሉ እንደሚሄዱ ጻፈ። ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 መለኪያ አወጡለት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ፣ አይሲዲ-11 ላይ፣ ነገሩን ለሥራ ቦታ ብቻ ወስኖታል። ስለዚህ የወላጅ ዝለት በዚያ መዝገብ ላይ ራሱን የቻለ የምርመራ ስም የለውም። ቢሆንም በቅርብ ዓመታት በሰፊው ተጠንቷል። በተለይ ቤልጂየም ውስጥ በሉቫን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢዛቤል ሮስካምና ሞይራ ሚኮላይቻክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት መጠይቅ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

መጠይቁ 23 ጥያቄዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 6 ይሞላል፤ 0 በጭራሽ፣ 6 በየቀኑ ማለት ነው። የሚለካው አራት ነገር ነው። ዘጠኙ ጥያቄዎች ወላጅነት ስለሚያመጣው ድካም ናቸው። ስድስቱ «ድሮ የነበርኩት ወላጅ አይደለሁም» ስለሚል ስሜት፣ አምስቱ ስለ መሰልቸትና በቃኝ ማለት፣ ሦስቱ ደግሞ በስሜት ከልጅ ስለ መራቅ ይጠይቃሉ።

የድካሞቹን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ ሞላቻቸው፤ አብዛኞቹ 6። የድሮውንና የአሁኑን ማንነት የሚያነጻጽሩት ላይም እንዲሁ። ስለ መራቅ ከሚጠይቁት ላይ ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። «እወዳቸዋለሁ እኮ» አለች። ጥያቄው ስለ መውደድ እንዳልሆነ ነገርኳት፤ የሚጠይቀው መውደዷን ማሳየት ያቅታት እንደሆነ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ አሰበች። ከዚያ 4 ሞላችና ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ያ 4 ስለ ጉዳዩ ብዙ ተናገረኝ። አንዳንድ ወላጅ ዝለት ሲከፋ ልቡን ይዘጋል፤ ያበላል፣ ያለብሳል፣ እዚያ ላይ ያቆማል። እሷ ጨርሳ አልዘጋችም። መዝጋት መጀመሯን ግን አይታዋለች፣ ያስፈራትም እሱ ነው።

ስለ ደኅንነት በቀጥታ ጠየቅኳት። የሮስካምና የሚኮላይቻክ ጥናቶች ከባድ የወላጅነት ዝለት ከማምለጥና ራስን ከማጥፋት ሐሳብ፣ ልጅን ችላ ከማለትና ልጅ ላይ ኃይል ከመጠቀም ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ስለዚህ ዳር ዳር ማለት አያዋጣም። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ አልነበራትም። የማምለጥ ሐሳብ ግን ነበራት። «አንዳንዴ ወደ ቤት መታጠፊያው ላይ ስደርስ ባልታጠፍስ እላለሁ» አለች። የልጅቱን ክንድ የያዘችው ያን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ባሏም አረጋግጧል። ያም ሆኖ ለድንገቱ አጭር ስምምነት አደረግን። እጇ ሊነሳ እንደሆነ ከተሰማት ክፍሉን ትለቃለች፣ ባሏ ካለ ስሙን ትጠራለች፣ እሱም ምንም ሳይጠይቅ ይተካታል። «ምን ሆንሽ?» የሚለው ለሌላ ጊዜ ይቆያል።

አዙሪቱ

ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ እንድትይዝ ጠየቅኳት። ሦስት ዓምድ ነው፦ ምን ሆነ፣ ምን አደረግሽ፣ ከዚያ በኋላ ምን አደረግሽ። ብዙ ሰው ሁለቱን ጽፎ ያቆማል። የኔ ዓይን ግን ሦስተኛው ላይ ነበር። የሂሳብ ሰው ናትና ማስታወሻዋ ጥንቅቅ ያለ ነበር፤ ሰዓት ሳይቀር ጽፋለች።

የማክሰኞው ይህን ይመስላል። ከምሽቱ 1፡40 ልጅቱ የማባዛት የቤት ሥራ አልገባኝም ብላ አለቀሰች። እናት ጮኸች፣ ደብተሩን ወረወረች። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የሰፈረው ግን ከሁለቱ ይረዝማል። ልጅቱን አቅፋ አባበለቻት። የቤት ሥራውን ራሷ ሠራችላት። አብራት እንድትተኛ ፈቀደችላት። ከዚያ ተነስታ ልጅቱ ለትምህርት ቤት የምታቀርበውን የካርቶን ሥራ ቆርጣ፣ ለጥፋና ቀለም ቀብታ ጨረሰች። ስትተኛ ሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። ከዚያ ደግሞ ለትንሹ ልጅ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ተነስታለች።

ረቡዕ ማታ እንደገና ጮኸች። የሚገርም ነገር የለውም፤ አራት ሰዓት ተኝቶ የዋለ ሰው ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ቀስት አሠመርንበት። ድካም ጩኸት ያመጣል። ጩኸት ጥፋተኝነት ያመጣል። ጥፋተኝነት ካሳ ያስከፍላል። ካሳው እንቅልፍና ጉልበት ይበላል። ተመልሶ ድካም። «ስለዚህ ልጄን የምክሰው በነገው ትዕግሥቴ ነው ማለት ነው» አለች። እኔ ከዚህ የተሻለ አድርጌ አልገልጸውም ነበር።

ይህን ሳየው የሥራው መግቢያ የት እንደሆነ ታየኝ። ጩኸቱን በቀጥታ «አቁሚ» ማለት አይሠራም፤ እሷም ለዓመታት ራሷን እንዲህ ስትል ኖራለች። ድካሙን በአንድ ጊዜ ማንሳትም አይቻልም፤ ልጅ አለ፣ ሥራ አለ፣ አስም አለ። ካሳው ግን በእጇ ነው። ዛሬ ማታ ሊቀር ይችላል።

መጀመሪያ ማዳመጥ

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት መጀመሪያ ላይ የተገናኘንባቸው ጊዜያት በማዳመጥ ነው ያለፉት። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የሉቫን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው ጥናት የዛሉ ወላጆችን በሁለት ዓይነት የቡድን ሕክምና አሳልፏል። አንዱ አቅጣጫ የሚሰጥ፣ የቤት ሥራና ልምምድ ያለው ነው። ሌላው ወላጆቹ ያለ ፍርድ የሚደመጡበት ብቻ ነው። ሁለቱም ዝለቱን ቀንሰዋል፣ አንዱም ከሌላው በጉልህ አልበለጠም። በፀጉር ላይ የሚለካው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን እንኳ ወርዷል። ቴክኒክ የምንወድ ባለሙያዎችን ትንሽ ዝቅ የሚያደርግ ውጤት ነው፤ እኔ በበኩሌ ወድጄዋለሁ።

እሷም የመኪናዋን ነገር የተናገረችው በዚያ ጊዜ ነው። ተናግራ ስትጨርስ «ሌሎችም እንዲህ ያደርጋሉ?» አለች። ያደርጋሉ አልኳት። ትከሻዋ ወረደ። ያን ቀን ሌላ የሠራነው ነገር የለም።

ካሳ ሳይሆን ዕርቅ

ካሳን ማስቀረት ማለት ልጅን ካስለቀሱ በኋላ ዝም ብሎ ማለፍ ማለት አይደለም። በቦታው አጭር ዕርቅ ይገባል። ዕርቁ አራት አጫጭር ነገሮች እንዲኖሩት ተስማማን፦ ያደረገችውን በስሙ መጥራት፣ የልጅቱ ጥፋት እንዳልሆነ መናገር፣ በሚቀጥለው ምን እንደምታደርግ መንገር፣ ከዚያ ማቆም። ስጦታ የለም። የቤት ሥራ ሠርቶ መስጠት የለም። ሌሊት መቁረጥና መለጠፍ የለም። እያለቀሱ ይቅርታ መለመንም የለም፤ ያን ጊዜ ልጅቱ ናት እናቷን የምታባብለው፣ ያ ደግሞ ሌላ ሸክም ነው።

አብረን የጻፍነው ይህ ነበር፦ «ቅድም ጮህኩብሽ፣ ደብተርሽንም ወረወርኩ። ያ የኔ ጥፋት ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። ሌላ ጊዜ ስናደድ ወጣ ብዬ ቀዝቀዝ ብዬ እመለሳለሁ።»

አንብባው «አነሰ» አለች። ያነሰባት ዕርቅን በልፋት መለካት ለምዳ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ የኤድዋርድ ትሮኒክን ሥራ አነሳሁላት። ትሮኒክ እናቶችና ሕፃናት ፊት ለፊት ሲጫወቱ እየቀረጸ ያጠና ሳይኮሎጂስት ነው። ደህና በሚባሉት ጥንዶች እንኳ እናትና ልጅ ስሜታቸው የሚገጥመው ከጊዜው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በቀረው ይተላለፋሉ፣ መልሰው ይገናኛሉ፣ ደግሞ ይተላለፋሉ። ልጅን የሚያሳድገው መተላለፉ አለመኖሩ ሳይሆን መልሶ መገናኘቱ ነው። «አንድ ሦስተኛ?» አለችና ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ስትስቅ ያየኋት።

ሐሳቡ በሳምንቱ ተፈተነ። ጮኸች፣ ከዚያ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ተናግራ አቆመች። ልጅቱ ዓይን ዓይኗን እያየች ቆየችና «ማሚ፣ ዛሬ ምንም አትሠሪልኝም?» አለቻት። እናትየዋ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ልጅቱ ሥርዓቱን ተምራዋለች፦ ጩኸት፣ ከዚያ ክፍያ። ያን ዕለት ማታ ካርቶኑን ልጅቱ ራሷ ቆረጠችው። ጠማማ ሆነ። እንዲያው ተወሰደ።

ቦርሳው

ዝለት ሲበረታ በአንድ ወገን ሸክም፣ በሌላው ወገን አቅም ያሉበት ሚዛን ወደ ሸክሙ ማጋደሉ ነው ይላሉ ሮስካምና ሚኮላይቻክ። ለዚህም 39 ጥያቄዎች ያሉት ሌላ መለኪያ አላቸው፤ ከአምስት ኔጋቲቭ እስከ አምስት ፖዘቲቭ ይሞላል። በእሷ በኩል ሦስት ነገሮች ሸክሙ ወገን ጎልተው ወጡ፦ እንከን አልባ ወላጅ የመሆን ምኞት፣ ከባሏ ጋር በልጆች ጉዳይ አለመናበብ፣ ለራሷ የሚሆን ጊዜ አለመኖር። ሦስተኛውን ለጊዜው ተውነው። ጂም ግቢ፣ መጽሐፍ አንብቢ ቢባል ለደከመች ሴት አንድ ተጨማሪ የሥራ ዝርዝር ነው። መቀነስ ከመጨመር ይቀድማል።

እንከን አልባነቱን በክርክር ሳይሆን በሙከራ ነካነው። ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ በመለወጥ ላይ በሚሠራው በኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የተለመደ አካሄድ ነው፤ ሰውየው የሚፈራውን ነገር በትንበያ መልክ ይጽፋል፣ ከዚያ ይሞክረዋል፣ ከዚያ ያነጻጽራል። ሙከራው ቀላል ነበር። ለአንድ ሳምንት ቦርሳውን አባት ያሰናዳል፣ እናት አትከፍተውም። የጻፈችው ትንበያ፦ «የሆነ ነገር ይረሳል። ልጄ ክፍል ውስጥ ታፍራለች። አስተማሪዋ ቸልተኛ እናት ናት ትላለች። እኔም ስለማስበው አልተኛም።»

ሐሙስ ዕለት አባት የስፖርት ጫማውን ረሳው። ልጅቱ በትምህርት ቤት ጫማዋ ሮጠች። አስተማሪዋ በመገናኛ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። አባት አነበበ፣ ፈረመ፣ በማግስቱ ጫማውን ከሁሉ አስቀድሞ ከተተ። አለቀ። ከትንበያው የመጀመሪያው ደረሰ፣ መካከሎቹ አልደረሱም። የመጨረሻው ግማሽ በግማሽ ነበር፤ ሁለት ሌሊት ስትገላበጥ አድራለች፣ ከዚያ ተኛች።

የገረመኝ የባልየው ለውጥ ነው። ጫማውን በረሳ ማግስት በሩ ላይ ዝርዝር ለጠፈ። ማንም አላዘዘውም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሣራ አለንና አላን ሆኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እናቶች ሳያውቁት የአባቶችን ተሳትፎ እንዴት በር ላይ እንደሚያስቀሩ ጽፈዋል። ያ ጽሑፍ አንዳንዴ እናቶችን ለመውቀስ ይውላል፤ «አንቺ ነሽ ያላስገባሽው» ለማለት። ይሄ አይዋጥልኝም። በሩ ሁለት ወገን አለው። ባልየውም አንዴ ስለታረመ ብቻ ለዓመታት መተዉ ተመችቶት ነበር። ይህንን ሁለቱም ባሉበት ተናገርኩ፤ እሱም አልካደም።

የሌሊቱ ነገር ከቦርሳው ይከብዳል፤ እዚያ ላይ እውነተኛ አደጋ አለ። ስለዚህ ወደ ልጁ ሐኪም ተመለሱና ምን ዓይነት ምልክት ሲታይ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ሌሊቱን በተራ ያዙት። በባሏ ተራ እሷ በቤቱ ሌላኛው ጫፍ በር ዘግታ ትተኛለች። በሩ ወሳኝ ነበር፤ ክፍት ከሆነ ጆሮዋ አይተኛም። ይህ ብቻ ቀላል የማይባል ሰዓት እንቅልፍ መለሰላት። ለውጡ ፊቷ ላይ የታየው ከሁሉም በፊት በዚህ ነው።

የማይዋጥላት ነገር

ሳይኮሎጂስቷ ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ስለ ራስ ርኅራኄ የጻፈችው ሁሉ ለዚህ ዓይነት ሰው የተጻፈ ይመስላል። ሦስት ነገሮች አሉት፦ ለራስ ደግ መሆን፣ ስቃይ የሁሉም ሰው ዕጣ እንደሆነ ማየት፣ ስሜትን ሳያጋንኑና ሳይሸሹ ማስተዋል። እሷ ግን ቃሉን ስትሰማ ፊቷን አጨፈገገች። «ራሴን ላባብል? ልጅ ያስለቀስኩት እኔ!»

አልተከራከርኳትም። ይልቅ እህቷ ደውላ «ልጄን ክንዷን ጨመደድኳት» ብትላት ምን እንደምትመልስ ጠየቅኳት። ወዲያው ነው የመለሰችው፦ «አንቺ እኮ ደክሞሻል። ልጅቷ ደህና ናት? አሁኑኑ እመጣለሁ።» ዓረፍተ ነገሮቹን ጻፍኳቸውና ወረቀቱን ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንብባው ታውቅ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ስለ እንከን አልባነት ምንጭም አውርተናል። እናቷ ብዙ ልጆች ያሳደገች፣ ስትጮህም የማትጸጸት ሴት ነበረች። ልጇ እንደሷ ላለመሆን ለራሷ ቃል ገብታለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በ42 አገሮች ከ17,000 በላይ ወላጆችን ያካተተው ጥናት ዝለቱ ግለኝነት በሚያመዝንባቸው ማኅበረሰቦች በርትቶ መገኘቱን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከሚሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ በነዚያ ቦታዎች ወላጅ ብቻውን መሆኑና የሚጠበቅበትም መብዛቱ ነው። እሷም እናቷ የማታውቀውን መስፈርት ይዛ፣ እናቷ የነበራትን እጅ ሁሉ አጥታ ነው የምታሳድገው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና ሳይኮአናሊስት ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1953 ለልጅ «በቂ የሆነች» እናት እንደምትበቃ ጽፎ ነበር። ይህን ስነግራት «በቂ» የሚለው ነጥብ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከመቶ ስንት? የሂሳብ ሰው።

የደረሰችበት

መጠይቁን በስድስተኛው ወር ደግማ ሞላችው። የድካሞቹ ቁጥሮች ከሁሉ ቀድመው ወርደዋል። የመራቁ 4 ወደ 1 ወርዷል። ብዙም ያልተንቀሳቀሰው «ድሮ የነበርኩት እናት አይደለሁም» የሚለው ክፍል ነው፤ ትንሽ ብቻ ነው ዝቅ ያለው። ይህ አያስደንቅም። ሰው ስለ ራሱ ያለው ሥዕል ከእንቅልፉ ዘግይቶ ነው የሚታረመው።

በማስታወሻዋ መሠረት ማታ ማታ የነበረው ጩኸት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ሆኗል። ክንድ መያዝ አልተደገመም። ደጃፍ ላይ መቀመጡ ግን አልቀረም፤ አሁን ባሏ ያውቃል፣ አሥር ደቂቃ ተብሎ ተቆርጧል፣ እንደ ዕረፍት ይቆጠራል። እንዲቀር አልጠየቅኳትም።

ጉዳዩ የተሳካበት አንዱ ምክንያት የባልየው መምጣት ነው። ብቻውን ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ቦርሳውን የሚያሰናዳ ሌላ እጅ የለም፤ የሌሊቱ ተራም የለም። እዚያ ላይ ሥራው ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከልጁ ትምህርት ቤት ጋር መነጋገርን ይጠይቃል፣ ረዘም ያለ ጊዜም ይወስዳል። ካሳውን ወደ አጭር ዕርቅ መለወጡ ግን ለብቻ ወላጅም ይሠራል። ገንዘብም ሰውም አይጠይቅም።

አሁን የምንገናኘው አልፎ አልፎ ነው። ያልተፈታው የማባዛት የቤት ሥራው ነው፤ እናትና ልጅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አሁንም ይጋጫሉ። በመጨረሻው ቀጠሯችን ማክሰኞና ሐሙስ አባት እንዲይዘው ተስማምተዋል። እሷ በዚያ ሰዓት ከቤት ወጣ ትላለች፤ ቤት ካለች ሳሎን ሆና «ስምንት ሲደመር ስምንት አይደለም!» ማለቷ እንደማይቀር ራሷ ተናግራለች።